የሚለቅ ብሎን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሚኒባስ ስሳፈር መስኮት ሥር ካልሆነ አልቀመጥም። ልጄ፣ «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የኖርሽበትን አገር እንደ ቱሪስት ታዪዋለሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ የማየው ግን ሐይቁንም ተራራውንም አይደለም። ከአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው፣ ወደ ሴቻ፣ ሽቅብ ስንወጣ በመንገዱ ዳር የቆሙትን ምሰሶዎች ነው የማየው፤ ያውም እግር እግራቸውን። ሌላው ተሳፋሪ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያነባል። እኔ ዝቅ ብዬ ብሎኑ በቦታው መኖሩን፣ የሚያጠብቀው ዳዶ አለመዛጉን፣ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ አለመሰንጠቁን አያለሁ። ደህና ሆኖ ሳገኘው ልቤ ይረጋል። ካልሆነ ግን ወርጄ ላጥብቀው ያሰኘኛል።

እንጀራዬ ይኸው ነበር። የመንገድ ምልክት፣ የፍጥነት ሰሌዳ፣ የገደል አፋፍ መከላከያ ብረት፣ የመብራት ምሰሶ፣ እነዚህን ሁሉ ከመሬት፣ ከድንጋይ ወይም ከድልድይ ጋር የሚያያይዘውን ዕቃ መምረጥና መትከል። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ላለኝ ሰው «ብሎን መምረጥ» ብዬ ስመልስ ቀልድ ይመስለው ነበር። ዛሬ ዛሬ ዕቃው ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። በስንብቴ ዕለት ወጣቶቹ ሠራተኞች ኬክ አስቆረሱኝና፣ «ድሮ ካርቶኑ ሳይኖር ግን እንዴት ነበር የምትመርጡት?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ባጭሩ መለስኩላቸው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሱ የአንድ ሰው ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው ጋሽ አንጁሎ ነው።

የገረሴ ልጅ ነኝ። ብረታ ብረት ተምሬ አርባ ምንጭ ስቀጠር ብየዳ እንደምችል የምስክር ወረቀቴ ይናገር ነበር። የያኔው ኃላፊያችን ግን ከወረቀቱ ይልቅ ቀሚሴን አይቶ ዕቃ ግምጃ ቤት መደበኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ፀሐዩ ያጠቁርሻል፤ የመንገድ ሥራ ለሴት ልጅ አይሆንም» ነበር ያለኝ፤ እንደ አባት መምከሩ ነው። ደመወዙ ያው ስለነበር ዝም አልኩ። ያ ግምጃ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። እኩለ ቀን ላይ ከውስጡ ይልቅ ፀሐዩ ይሻል እንደነበር ኃላፊው አንድም ቀን ገብቶ ቢያይ ያውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ረጅም፣ ቀጠን ያለ ሰውዬ መጥቶ ለድልድይ መከላከያ ብረት የሚሆን ብሎን ጠየቀኝ። ሳጥኑን አወጣሁለት። እንደሌሎቹ ፈርሞ ይሄዳል ስል ከኪሱ ነጭ ጨርቅ አውጥቶ መሬት ላይ አነጠፈና ብሎኖቹን በሙሉ ዘረገፋቸው። ከዚያ ተንበርክኮ የእያንዳንዱን ብሎን ዳዶ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ሰተት ብሎ የገባውን በአንድ ወገን፣ ያስቸገረውን በሌላ ወገን ያስቀምጣል። ቆሜ ማየቱ ሲሰለቸኝ እኔም ተንበርክኬ አብሬው መለየት ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ እኔ ከጣልኳቸው ውስጥ አንዱን አነሳና፣

«ይህችን ለምን ጣልካት?» አለኝ።

«ዳዶው ገብቷል፤ ግን ይወዛወዛል። ጥርሱ ተበልቷል» አልኩት።

ራሱ ሞከረው። ከዚያ ብሎኑን ሳይሆን እኔን ማየት ጀመረ።

«ስምህ ማን ነው?»

«አስቴር።»

«አስቴር፣ አንተ የመጋዘን ሰው አይደለህም።»

ጋሽ አንጁሎ አማርኛን የተማረው ከጎለመሰ በኋላ፣ በሥራ ላይ ነው። እኔን «አንተ» ይለኛል፤ ብሎንን ግን «እሷ» ነበር የሚላት፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቀረ። ሁለታችንም አፍ የፈታነው በጋሞኛ ስለሆነ በቋንቋችን ማውራት እንችል ነበር። ሥራ ላይ ግን አይወድም። «ጓዶቻችን ከየአገሩ ነው የመጡ፤ የማይሰሙት ነገር ካወራን የምናማቸው ይመስላቸዋል» ይላል። ኃላፊው ዘንድ ገብቶ ምን ብሎ እንደተናገረ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ግን ቱታና የጎማ ጫማ ተሰጠኝና ከእሱ ጋር ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ትምህርት ቤት አላገኘሁትም። መጀመሪያ ያስተማረኝ፣ «ዳዶዋ በጣት ሳትገባ ቁልፍ አታሳያት» የሚለውን ነው። በቁልፍ በግድ የገባ ዳዶ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ጥርሱን ነው የሚበላው። ቀጥሎ ቦታ ማወቅ መጣ። ወደ አባያ ዳርቻ ስንወርድ አየሩ እርጥብና ሞቃት ስለሆነ ዚንክ ውስጥ በደንብ የተነከረ ብሎን ካልሆነ አይነካም። ብሎኑ ዚንክ ለብሶ ሮንዴላው ጥቁር ብረት ከሆነ ደግሞ፣ ሮንዴላ ማለት ከዳዶው ሥር የምትገባው ስስ ቀለበት ናት፣ ዝገት ሁለቱንም ይጥላቸዋል። «ዝገት እንደ ጉንፋን ነው፤ ከጎረቤት ይይዛል» ይል ነበር። ወደ ደጋው፣ ወደ ገረሴ አቅጣጫ ስንወጣ ሌላ ዓለም ነው። ጉምና ዝናብ አለ። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶውን ቀስ በቀስ እንደ ጥርስ ይነቅለዋል። እዚያ ጠልቆ መቆፈር፣ አለት ከተገኘም አለቱን በስቶ ብሎኑን እዚያ ውስጥ መትከል ያስፈልጋል።

አለት በስተን ስንጨርስ ጋሽ አንጁሎ የብስክሌት መንፊያ ያወጣል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ዱቄት ይነፋዋል፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍገዋል፤ እንደገና ይነፋዋል። መንገደኛው ቆሞ ይስቅበታል። «አባባ፣ ድንጋዩ ጎማው ተንፍሶበት ነው?» ያለው አንድ ጎረምሳ ትዝ ይለኛል። ጋሽ አንጁሎ ከት ብሎ ሳቀና መንፋቱን ቀጠለ። ዱቄት ላይ የተተከለ ብሎን ዛሬ ቢይዝ ነገ ተመዝዞ እንደሚወጣ ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ምሳውን የሚበላው በተከለው ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ ሹፌር በሚመጣበት አቅጣጫ ተቀምጦ ነው። ሚስቱ የቋጠረችለትን የበቆሎ ኩርኩፋ ሀለኮ ከሚባለው የሽፈራው ቅጠል ጋር እየበላ ሰሌዳውን ያየዋል። ቅርንጫፍ ከጋረደው ወይም ፀሐይ ካንጸባረቀበት እጁን ታጥቦ ይነሳና እናስተካክላለን።

የሚሰረቅ ነገርም አስቸግሮን ያውቃል። ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የኩርባ ምልክት ጠፋብን። ስንፈልገው አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ አንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ። ጋሽ አንጁሎ ግን ባለቤቱን «ሳሮ» ብሎ በጋሞኛ ሰላምታ ሰጠውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ገብሱ ጠየቀው፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ቆይቶ ወደ ዶሮ ቤቱ እያየ፣ «ዶሮዎችህ ኩርባ እንዳለ በደንብ አውቀዋል። ሹፌሮቹ ግን ገና አላወቁም» አለው። ሰውየው አፈረ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ሰሌዳውን ራሱ ነቅሎ ተሸክሞልን ወጣ። ጋሽ አንጁሎም ከትርፍ ቆርቆሮ መዝጊያ ሠራለት። ያ ገበሬ ከዚያ ወዲህ የዚያ ኩርባ ጠባቂ ሆነ። አንድ ዳዶ ሲላላ ሰው ይልክብናል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንድ ኩራት ግን ነበረው፤ የማይነቃነቅ ምሰሶ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጫኖ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የተከላቸው ምሰሶዎች ወፍራም ቧንቧ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወፍራም ላሜራ ተበይዶ፣ በሲሚንቶ ውስጥ በተቀበሩ ጠንካራ ብሎኖች ታስረዋል። ቁልፉ ላይ ሌላ ቧንቧ ሰክቶ፣ ብረቱ ሲጥ እስኪል ድረስ ነበር የሚያጠብቃቸው። ሠራተኛው «የአንጁሎ ምሰሶ» ይላቸዋል። ጎርፍ መጥቶ መንገዱን ሲገምሰው እንኳ እነሱ ቆመው ቀርተዋል። አለቆች ከላይ ሲመጡ የሚወሰዱት እነዚያን ለማየት ነበር። እሱም በጥፊ መታ ያደርጋቸውና፣ «ዝሆን ቢታከካት አትነቃነቅም» ይላል።

አንድ ቀን ጠዋት ከጫኖ ሙዝ ጭኖ ወደ ከተማ የሚመጣ አንድ ፒክአፕ መንገድ ውስጥ ዘው ያለች ጥጃ ለማዳን ሲሸሽ ከአስፋልቱ ወጣ። የወጣው እንዲያው ብዙ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር ከአንዱ ምሰሶ ጋር ግን ተገናኘ።

ስንደርስ ሹፌሩን ሆስፒታል ወስደውታል። ታሪኩ ይባላል፤ የጫኖ ልጅ ነው፤ ሙዝ እያመላለሰ እናቱን የሚጦር። ፒክአፑ ምሰሶውን አቅፎ ቆሟል። የፊቱ ብረት ተጣጥፎ ምሰሶው እስከ ሹፌሩ ወንበር ድረስ ገብቷል። ሙዙ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ከእኛ ሠራተኞች አንዱ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየና በአድናቆት፣

«ጋሼ! ንቅንቅ እንኳ አላለም እኮ!» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ አንጁሎ ደረቱ ይነፋ ነበር። ያን ዕለት ቱምቢውን፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን መለኪያ ክር፣ አውጥቶ ምሰሶው ላይ አንጠለጠለ። ክሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ወረደ። ምሰሶው እንደተተከለበት ቀን ቀጥ ብሎ ነበር። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና መኪናችን ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ታሪኩ ሕይወቱ ተረፈ። አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ልንጠይቀው ሆስፒታል ሄድን። እናቱ ወይዘሮ አማረች አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋሽ አንጁሎ ማን እንደሆነ ሲነግረው ታሪኩ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ከዚያ፣ ሳይቆጣ፣ እንዲያው ነገሩን ለራሱ እንደሚያስረዳ ሰው፣

«እኔ እኮ ጥጃዋን ስሸሽ አልደነገጥኩም ነበር» አለ። «ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙዝ ነው። ሙዝ ለስላሳ ነው፤ እሱ ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ ብዬ ነው የለቀቅኩት። ምሰሶው ባይኖር ኖሮ ሙዙ ውስጥ ነበርኩ።»

ጋሽ አንጁሎን ማንም አልከሰሰውም። ምሰሶው የተተከለው በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ነው፤ ኃላፊውም፣ «አንተ ምን አጠፋህ? ሹፌሩ ነው መንገድ የለቀቀው» ብሎታል። እሱ ግን ታሪኩ ከሆስፒታል የወጣ ጊዜ እንደ አባቶቻችን ወግ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ጫኖ ድረስ ሄደና ደጃፋቸው ላይ ተንበረከከ። አብሬው ነበርኩ። ወይዘሮ አማረች እያለቀሱ አነሱት። «ተነስ ወንድሜ፣ አንተ መንገድ ሠራህ እንጂ ልጄን አልመታህም» አሉት። ሣሩን ተቀበሉት። በእኛ አገር ሣሩን ከተቀበሉት ይቅርታው አለቀ ማለት ነው። ለጋሽ አንጁሎ ግን ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ኢንጂነር ተመድቦልን ነበር፤ ቢንያም ይባላል። ከደሴ መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ከተማውን ወድዶ የቀረ ልጅ ነው። ጋሽ አንጁሎ ቢሮው ገባና ቆሞ፣ «ኢንጂነር፣ ነፋስ የማይጥላት፣ መኪና ሲመታት ግን የምትሄድ ምሰሶ አለች ወይ? ተምረሃል፤ ንገረኝ» አለው።

ቢንያም ወንበር ስቦ አስቀመጠው። «አለች፣ ጋሽ አንጁሎ። በሥዕል ነው የማውቃት እንጂ ሠርቻት አላውቅም።» ከዚያ ሁለት እጆቹን አጣብቆ አሳየን። ምሰሶው ለሁለት ይከፈላል። አጭሩ ጉቶ ከሲሚንቶው ጋር ይቀበራል፤ ረጅሙ በላዩ ይቆማል። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ላሜራ አላቸው፤ ላሜራ ለላሜራ ተጋጥመው በብሎን ይታሰራሉ። የብሎኑ ቀዳዳ ግን ዙሪያውን የተዘጋ አይደለም፤ ወደ ላሜራው ጠርዝ የተከፈተ ነው። «ነፋስ ሰሌዳውን ከላይ ሲገፋው ብሎኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ እሱን ይችለዋል። መኪና ግን ከሥር ነው የሚመታው። ያኔ ላይኛው ላሜራ በታችኛው ላይ ይንሸራተታል፤ ብሎኖቹ በተከፈተው በኩል ይወጣሉ፤ ምሰሶው ይለቃል።»

ጋሽ አንጁሎ የቢንያምን መዳፎች ያዘና ራሱ አንሸራተታቸው፤ ደጋግሞ። «የምትለቅ ብሎን» አለ በመጨረሻ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማትለቀዋን ነው የፈለግኩት።»

ሠራነው። የመጀመሪያውን በግቢያችን ውስጥ ለሙከራ አቆምነውና ከአባያ በኩል በሚመጣው ነፋስ ውስጥ ተውነው። ጥሩ ነፋስ በነፈሰበት ሰሞን ተገንድሶ አገኘነው። ብሎኖቹ አልተሰበሩም፤ ንዝረቱ ቀስ በቀስ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል እየገፋ አስወጥቷቸዋል። ቢንያም ተስፋ የቆረጠ መሰለ። ጋሽ አንጁሎ ግን የወደቀውን ምሰሶ ሲያገላብጥ ዋለና ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጦ መጣ። አራት ቀዳዳ በስቶበታል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ሊያስገባው ነው። «ቆርቆሮዋ ብሎኖቹን እጅ ለእጅ ታያይዛቸዋለች፤ በነፋስ አይበታተኑም። መኪና ከመጣ ግን ቆርቆሮ ምን አቅም አላት? ትቀደዳለች።» ቢንያም ቆርቆሮውን ተቀብሎ እያየ፣ «ጋሽ አንጁሎ፣ ይህ እኮ ሥዕሉ ላይ ነበረ፤ ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ ዘልዬው ነው» አለና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ።

የቀረው በመኪና መምታት ነበር። መኪና ከየት ይምጣ? መሥሪያ ቤት ለማጋጨት ብሎ መኪና አይሰጥም። ነገሩን የሰማው ታሪኩ በክራንች እየተደገፈ መጣ። የተሰባበረው ፒክአፑ ዘመዶቹ ግቢ ቆሟል፤ ጎማው ግን ገና ይንከባለላል።

«በእሷ ሞክሩ» አለ።

«ልጄ፣ ለብረትም ቢሆን ትሸጣለች እኮ» አለው ጋሽ አንጁሎ።

«ግድ የለም። ማየት እፈልጋለሁ።»

ከሴቻ ወጣ ብሎ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ፤ ቁልቁለት ነው። ፒክአፑን እዚያ ወሰድነው። ባዶውን፣ ሰው ሳይገባበት፣ በሙዙ ፋንታ አሸዋ በከረጢት ጭነን፣ መሪውን በገመድ አስረን፣ ጎማው የሚሄድበትን ቦይ ቆፍረን ከላይ ለቀቅነው። ከታች የተከልነው የመጀመሪያው ምሰሶ አልለቀቀም። ፒክአፑ ተንገጫግጮ ቆመ። ታሪኩ ክራንቹን ጨብጦ ፊቱን አዞረ።

ጋሽ አንጁሎ ወርዶ ብሎኖቹን ነካካቸው። ችግሩን ያወቀው ወዲያው ነው። «እጄ ነው» አለ። «እጄ ልማዷን አልተወችም። ሲጥ እስክትል አጥብቄያታለሁ፤ ላሜራዎቹ ተጣብቀዋል። ምን ብላ ትንሸራተት?»

ቢንያም የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከዩኒቨርሲቲው ተውሶ አመጣ። የተፈለገው ልክ ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ያኔ ማቆም ነው። ለማንኛችንም ቀላል ነበር፤ ለጋሽ አንጁሎ ግን ከባድ ሆነበት። ጠቅ ሲል እጁ አልቆም ይለዋል፤ ትንሽ ይጨምራል። ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ያ ሁሉ ዘመን ሲያጠብቅ የኖረ እጅ «ይበቃል» የሚለውን መማር ነበረበት። ዓይኑን ጨፍኖ እየሞከረ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ሁላችንም እያየነው ሲማር ምንም አላፈረም። እኔ ግን በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ያወቀ ሰው ያወቀውን ከእጁ ላይ ሲያወርድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፒክአፑን እንደገና ወደ ላይ ጎተትነው። ለቀቅነው። ምሰሶው ላይ ሲደርስ ድምፅ እንኳ እምብዛም አልተሰማም፤ ቆርቆሮው ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ አሰማ፣ ምሰሶው ተነስቶ በፒክአፑ ጣሪያ ላይ አለፈና ከኋላው ወደቀ። ፒክአፑ ወርዶ ወርዶ አፈር ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ታሪኩ በክራንቹ ቁልቁለቱን ወረደ። ማንም እንዲይዘው አልፈቀደም። በሹፌሩ በኩል ያለውን ወንበር በመስኮቱ አጎንብሶ አየ። ምንም አዲስ የገባ ነገር የለም። ከዚያ ዞሮ ጋሽ አንጁሎን፣ «ሁሉንም ቀይሯቸው» አለው።

ቀየርናቸው። ቢንያም ነገሩን ሲያስረዳው ኃላፊያችን ለበላይ ጽፎ አስፈቀደልን፤ ይህንን አልዘነጋለትም። የጫኖን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሠራነው። ታሪኩም በኋላ ጫኖ ላይ የሙዝ ማከፋፈያ ከፍቶ ሰው ቀጠረ፤ ልጆችም ወለደ።

ደጋው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ወደ ገረሴ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከኩርባው ማዶ ገደል ባለበት ቦታ አንዱ ሠራተኛ፣ «እዚህስ የሚለቀውን እንትከል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አንጁሎ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰደውና ቁልቁል አሳየው። «እዚህ የለቀቀች ብሎን ሰው ትገድላለች» አለው። እዚያ የተከልነው መከላከያ ብረት ነው። የብረቶቹን ጫፍ ስንደራርብ መኪናው በሚመጣበት በኩል ያለው ከላይ እንዲሆን አደረግን፤ አለዚያ ጫፉ እንደ ጦር ይቀበለዋል። በመገጣጠሚያው ላይ አንድም ብሎን ሳናጎድል፣ ያለንን ጠንካራውን መርጠን አሰርን። ያን ዕለት ጋሽ አንጁሎ የድሮውን ቁልፍ ከነቧንቧው አውጥቶ ሲያጠብቅ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ የቡድኑ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሴት መሆኔን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እሱ ሲያስተምረኝ ሁሉም አይቷል።

ከዚያ በኋላ በሆነ ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ መኪና ምሰሶ መታ ተብሎ ተደወለልኝ። መንገዱ በጋሽ አንጁሎ ቤት በኩል ነውና ጎራ ብዬ «ጋሼ፣ ና እንሂድ» አልኩት። ነጠላውን እንኳ ሳይለብስ ወጣ።

ስንደርስ አንድ የቤት መኪና በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ምሰሶው ከነሰሌዳው ርቆ ወድቋል፤ ጉቶው ብቻ አስፋልቱ ዳር ቀርቷል፤ የተቀደደው ቆርቆሮ ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል። አንዲት ሴት መንገዱ ዳር ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። ሁለት ልጆች በቆሎ እየሸለቀቁ ይሯሯጣሉ። ሹፌሩ፣ ኮሌታው የተቀደደ ጎልማሳ፣ የተሰበሰበውን ሰው እየዞረ ይጮሃል። የመሥሪያ ቤታችንን ቱታ ሲያይ ወደ እኔ መጣ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ ይህን ያቆማችሁት? ይህ ምሰሶ ነው ወይስ ሸምበቆ? ገና ሳልነካው እኮ ነው የወደቀው! በሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ይሠራል? ማን ነው? ማን ነው ይህን የተከለው?»

ላስረዳው አፌን ስከፍት ጋሽ አንጁሎ ክንዴን ያዘኝ።

«እኔ ነኝ» አለው።

«አያፍሩም አባባ? በዚህ ዕድሜዎ? አንድ ብሎን እንኳ በቅጡ ማሰር አይችሉም?»

ሰውየው ብዙ ተናገረ። ጋሽ አንጁሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ምርቃት እንደሚቀበል ሰው ሁሉንም ሰማው። ሰውየው ሲደክመው «ልክ ነህ ልጄ፤ ልክ ነህ» እያለ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው። ሰውየው ተገርሞ አየው፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አታስረዳውም ጋሼ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ይህን ሁሉ ስድብ።»

ጋሽ አንጁሎ ሕፃኑን ያያል፤ ልጆቹን ያያል፤ ሰውየውን ያያል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጥርሱ ግን ተገልጧል።

«ተው፣ አስቴር» አለኝ። «ይስደበኝ። ቤቱ ገብቶም ይስደበኝ።»